ያ ሱሪ ባለቤት ነበረው

ጥር 12 ቀን የየካ ሚካኤልን ታቦት ለማጀብ ከካራ ወርጄ ሳለሁ መንገድ ዳር አገኘኋችሁ። ሰባት ስምንት ትሆናላችሁ። ኮሌታው ትከሻ ላይ የተዘረጋ ሸሚዝ፣ ከጉልበት በታች የሰፋ ሱሪ፣ የጎፈረ ጠጉር። አንዱ ፎቶ ያነሣል፣ ሌላው ግንብ ተደግፎ አንገቱን ያዘነብላል። ልቤ ደንግጦ ቆምኩ። ሃምሳ ዓመት ወደ ኋላ የተመለስኩ መስሎኝ ነበር። ቀረብ ስል የእኅቴን የልጅ ልጅ ለየሁት። የለበሰውንም ሱሪ ለየሁት።

ልጄ፣ ከየት አመጣኸው ብዬ ስጠይቅህ «ቪንቴጅ ነው አባባ፣ ከእማማ ሳጥን ነው ያገኘሁት» አልከኝ። ጉልበቱ ለምን ተቀደደ፣ ግርጌውስ ለምን ተቆረጠ ስልህ፣ በመቀስ የቀደድከውም የቆረጥከውም አንተው ራስህ እንደሆንክ፣ እንዲያምር ብለህ እንደሆነ ነገርከኝ። ታቦት ፊት ነውና፣ ጓደኞችህም አሉና ዝም ብዬ አለፍኩ። ዛሬ ግን አልፍህም። ጓደኞችህም አብረውህ ይስሙ።

ያ ሱሪ የታላቅ ወንድሜ ነበር። ሲሰፋ የተማሪ ካኪ ነበር፤ እግሩ ጠባብ። በ1964 እና በ1965 ዓ.ም ቤልቦተም ያልለበሰ ጎረምሳ ከሰው የማይቆጠርበት ጊዜ ነው፤ አዲስ ማሰፊያ ገንዘብ ግን ቤታችን አልነበረም። እኔ ልብስ ሰፊ ዘንድ እጄን እያፍታታሁ ነበር። ቁልፍ እተክላለሁ፣ የካውያውን ከሰል አራግባለሁ፣ ቤቱን እጠርጋለሁ። አንድ ማታ አለቃዬን አስፈቅጄ ሱሪውን በጎንና በጎን ከጉልበቱ እስከ ግርጌው ተረተርኩትና ከወዳደቀ ቁራጭ ጥቁር ጨርቅ ሦስት ማዕዘን ቆርጬ በየእግሩ አስገባሁበት። ቀለሙ አልገጠመም፤ ስፌቱም ትንሽ ተሳስቦ ነበር። ወንድሜ ለብሶት ግቢ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ሲመላለስ እናቴ በሳቅ ፈነዳች። በሕይወቴ ጨርሼ ለሰው ያስረከብኩት የመጀመሪያ ሥራ ያ ነው። አንተ ቪንቴጅ የምትለው።

እናንተ ያን ዘመን የምታውቁት በሸክላ ሽፋን ላይ ካለ ፎቶግራፍ ነው። ጠባብ ሙሉ ልብስ፣ ቀጭን ከረባት፣ የሚያበራ ጫማ። መልካም፣ ውብ ነበር፤ አልክድም፤ እኔም በዚያ ውበት እንጀራ በልቻለሁ። ግን ከፎቶው ጀርባ ያለውን ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ሸክላ አሳታሚው አምሃ እሸቴ በ1961 ዓ.ም የራሱን የሸክላ ሥራ ሲጀምር፣ የማሳተም መብቱ በሕግ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተሰጠ ነበር። እታሰራለሁ ሳይል ገባበት። ዛሬ የምትሰሙት ሙዚቃ የተረፈው በዚያ ድፍረት ነው። በመጋቢት 1960 ዓ.ም ደግሞ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ፣ በራስ መኰንን አዳራሽ፣ የልብስ ትርዒት ሲዘጋጅ ተማሪዎች የባዕድ ባህል ነው ብለው ተነሡበት። እዚያ ሴቶች ላይ የደረሰውን ማዋረድ ያኔም ሆነ አሁን ነውር ነው እላለሁ። ነገር ግን ያ ትውልድ ስለ ለበሰው ልብስ ይሟገት ነበር። እናንተ ምን ብላችሁ ተሟግታችሁ ታውቃላችሁ?

ከሁሉ የሚከብደኝ ይህ ነው። በዚያው በ1965 ዓ.ም፣ እኔ በፋኖስ ሱሪ ሳሰፋ፣ ወሎ በረሃብ ያልቅ ነበር። አንድ ሺህ አምስት መቶ ያህል ገበሬዎች አቤት ለማለት ወደ አዲስ አበባ ሲመጡ ፖሊስ መለሳቸው። የደሴ መንገድ ከተማ የሚገባው በየት ነው? በዚሁ በካራ አይደለም? እናንተ ፎቶ የምትነሡበት አስፋልት እኮ ነው! ወንድሜ፣ መምህራን ከወሎ ያመጡትን ፎቶግራፍ ዩኒቨርሲቲ አይቶ የመጣ ቀን እራት አልበላም። ያንኑ ሱሪ እንደለበሰ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ አደረ። ከዚያ ወዲህ ስለ ፋሽን ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም።

በ1970 ዓ.ም፣ በቀይ ሽብሩ ጊዜ፣ ሌሊት መጥተው ወንድሜን ወሰዱት። አልተመለሰም። እናቴ እንዳታለቅስ ተከለከለች። የተረፈውን ሱሪ አጥፋ ከሳጥኗ ሥር አስቀመጠችው፤ እስክትሞት ድረስ በየዓመቱ ክረምት ሲወጣ እያወጣች ፀሐይ ታስመታው ነበር። ከእርሷ ወደ እኅቴ ተላለፈ። አያትህ ይህን አልነገረችህም፤ እኔም አልነገርኩህም። ፈርተን ዝም አልን፣ ዝምታውም ለመደብን። ይህ የእኛ የሽማግሌዎቹ በደል ነውና እቀበለዋለሁ። አንተ ግን መቀስ ከማንሣትህ በፊት አፍ ነበረህ። «ይህ የማን ነው?» ማለት ስንት ቃል ነው?

መስቀል አደባባይ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም አለ፤ ከ2002 ዓ.ም ጀምሮ ክፍት ነው። ከካራ መገናኛ፣ ከመገናኛ መስቀል አደባባይ። ሂዱና ግድግዳው ላይ ያሉትን ፊቶች ተመልከቱ። ጠጉራቸውን ያጎፈሩ፣ ሰፊ ኮሌታ የለበሱ ልጆች ናቸው፤ የእናንተ እኩዮች። ከጅምላ መቃብር ከአጥንት ጋር የወጣ ልብስም እዚያ አለ። እርሱንም ቪንቴጅ ትሉታላችሁ?

አትልበሱ አላልኩም። አባቶቻችሁን መምሰል ኃጢአት አይደለም። የመንዝ በርኖስ ደርቦ፣ በተፈሪ ሱሪና በእጀ ጠባብ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ወጣት ሳይ ደስ ይለኛል። ውሸቱን ግን አልወደውም። ከመካከላችሁ አንዱ መገናኛ አስፋልት ዳር ማታ የገዛውን ሳልቫጅ ኮት «የአያቴ ነው» ሲል ሰማሁት። በኮንትሮባንድ የገባ ልባሽ ነው፣ የማን ገላ እንደለበሰው አይታወቅም፤ አያትህ ግን አሁንም በሕይወት አለ፣ በጋቢ ተጠቅልሎ በር ላይ ፀሐይ ይሞቃል፣ አንተ አጠገቡ ተቀምጠህ አታውቅም። ሌላው ደግሞ ፋብሪካ ሆን ብሎ ያደበዘዘውንና የፋቀውን ሱሪ በውድ ዋጋ ገዝቷል። የእኛ ልብስ ያረጀው ስለ ኖርንበት ነው። አንድ ሙሉ ልብስ ሲነትብ ልብስ ሰፊው ፈትቶ ይገለብጠው ነበር፤ የውስጡ ወደ ውጭ ይወጣል፣ የደረት ኪሱ ከግራ ወደ ቀኝ ይዞራል። ኪሱ በቀኝ የሆነ ኮት የለበሰ ሰው ስናይ የተገለበጠ መሆኑን እናውቅ ነበር፤ ማንም ግን አይስቅበትም፣ የቆጣቢ ቤት ምልክት ነውና። የሸሚዝ ኮሌታም እንዲሁ ይገለበጥ ነበር። ሰፊው የደንበኛውን የትከሻ ልክ ከዓመት ዓመት በቃሉ ይይዝ ነበር። አንዱ ትከሻው ዝቅ ያለ እንደሆነ ጥጥ ጨምሮ ያስተካክልለታል፣ ለማንም አይናገርም።

ዛሬ ካራ ያለው ልብስ ሰፊ ምን እየሠራ ነው? ዚፕ ይቀይራል፣ ሱሪ ያሳጥራል። ሙሉ ልብስ የሚችል እጅ ይዞ ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል፤ እናንተ የእርሱን ዘመን ለብሳችሁ በበሩ ታልፋላችሁ፣ ጤና ይስጥልኝ እንኳ አትሉትም። የእርሱን እጅ ካልፈለጋችሁ የእርሱን ዘመን ለምን ፈለጋችሁት? ለስልክ ፎቶ ካልሆነ!

አሁን አንተ ስማኝ፣ የእኅቴ የልጅ ልጅ። ቅዳሜ ጠዋት ሱሪውን ይዘህ ቤቴ ና። አጥበህ አታምጣው፤ ሳሙናው ካኪውን ያሳሳዋል። የስፌት መኪናዬ አሁንም ትሠራለች፤ የጉልበቱን ቀዳዳ ግን በእጅ እንሰፋዋለን፣ መርፌውንም አንተ ትይዛለህ፣ የእኔ ዓይን ክር አያስገባም። እየሰፋህ ስሙን እነግርሃለሁ፤ የተማረበትን፣ የሚወደውን፣ የወሰዱት ሌሊት እናቴ በሩ ላይ ያለችውን። ከእግሩ ግርጌ የቆረጥከውንም ጥቁር ቁራጭ ካልጣልከው እርሱንም አምጣው።