ስለ ጋራ ስም

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይባላል። ታዲያ አንዱ ስም የብዙ ወገኖች መጠሪያ ሲሆን መልአኩ ለማን እንዳወጣው ማን ይፈርዳል? ይህን ጥያቄ በልቤ ያነሣሁት የሕንድን ኮሙኒስቶች ታሪክ ባነበብሁ ጊዜ ነው።

የሕንድ ኮሙኒስት ፓርቲ በ1957 ዓ. ም. (እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር) በኬራላ ግዛት በምርጫ አሸንፎ መንግሥት አቆመ። ነገር ግን ኮንግሬስ ከተባለው ገዢ ፓርቲ ጋር ስለ መተባበርና በሞስኮና በፔኪንግ መካከል ስለ ተነሣው ክርክር አባሎቹ ሳይስማሙ ቀርተው በ1964 ተለያዩ። ተለይተው የወጡትም የቀድሞውን ስም ሳይለቁ «ማርክሲስት» የሚል ቃል በቅንፍ ጨመሩበት። በ1969 ደግሞ ከነዚሁ የወጡ ሌሎች ያንኑ ስም ይዘው «ማርክሲስት ሌኒኒስት» ተባሉ። የስሙ አንድነት ግን ከጠብ አላዳናቸውም፤ በ1970 እና በ1971 በካልካታ መንገዶች የሁለተኛውና የሦስተኛው ወገን ወጣቶች እርስ በርሳቸው ተገዳደሉ።

እንግዲህ ስሙ የማን ነው? አንዱ «ቀድሞ የያዘው ነው» ይላል፤ ሌላው «በእምነቱ የጸናው ነው» ይላል። እኔ ግን ሁለቱም ስምን እንደ ርስት የቈጠሩት ይመስለኛል። በአገራችን ወንድማማቾች የአባታቸውን መሬት ይካፈላሉ፤ ስሙን ግን አይካፈሉትም፤ ሰነፉም ትጉሁም እያንዳንዱ ሙሉውን ይዞ ይሄዳል። የአባት ስም ስለ ልጁ ምግባር አይመሰክርም፤ የልጁ ምግባር ግን የአባቱን ስም ያስከብራል ወይም ያስነቅፋል።

«አንዱ ሲያጠፋ ሌላው ይታማበታል» የሚል ቢኖር እውነት ነው። ስለዚህም የጋራ ስም ከመብት ይልቅ ዕዳ ነው እላለሁ። የዕርቅም መንገድ ስምን መንጠቅ አይደለም፤ በ1980 የፊተኛውና ሁለተኛው ፓርቲ ከሌሎች ጋር ሆነው በኬራላ አብረው መንግሥት ሲያቆሙ ስሙን የተወ ማንም አልነበረም።

ወጣት አንባቢ ሆይ፥ ምናልባት አንድ ቀን አንተም ከማኅበርህ ትለይ ይሆናል። መለየት ሁልጊዜ ኀጢአት አይደለም። ነገር ግን «ስሙ የእኔ ነው» ብለህ ከመሟገትህ አስቀድሞ፥ ያን ስም ሰምቶ ወደ ደጅህ የሚመጣ ድኻ ከአንተ ዘንድ ምን እንደሚያገኝ ራስህን ጠይቅ።