ያልተቆጠረው ጀልባ

ሰው ማንንም ሳይጎዳ በደለኛ ሊሆን ይችላልን? ጥያቄው ሲሰሙት እርስ በርሱ የሚጋጭ ይመስላል። ይሁን እንጂ ሕግ አውጪዎችንና ዳኞችን ከሚያስጨንቁ የግብረ ገብ ጥያቄዎች አንዱ ይኸው ነው። ስለዚህ፣ ውድ አንባብያን፣ ከእኛ እጅግ ርቆ ከሚገኝ አንድ ባሕር ምሳሌ ወስደን ነገሩን እንመርምር። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በአውስትራልያ ሰሜናዊ ምሥራቅ፣ በኩዊንስላንድ ጠረፍ ፊት ለፊት፣ ታላቁ ባሪየር ሪፍ የሚባል ከ2,300 ኪሎ ሜትር በላይ የሚዘረጋ የኮራል ሰንሰለት አለ። ኮራል ለዓይን ድንጋይ ይምሰል እንጂ የጥቃቅን እንስሳት ሥራ ነው፤ ከባሕሩ ውኃ ኖራ እያወጡ ትውልድ በትውልድ ላይ ይገነቡታል። አንዳንዱ ዓይነት በዓመት የሚያድገው 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ በቸልታ የተጣለ መልሕቅ በቅጽበት የሰባበረውን ለመተካት የአንድ ሰው ዕድሜ ላይበቃ ይችላል። አገሪቱ ይህን ተገንዝባ በ1975 ባሕሩን የሚጠብቅ ሕግ አወጣች፤ በ1981ም በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። የተከለለው ባሕር 344,400 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ከ2004 ጀምሮ በአንድ ሦስተኛው ውስጥ ዓሣ ማጥመድ ተከልክሏል።

ጎብኚዎችን በክፍያ ወደዚያ የሚወስድ ጀልባ ፈቃድ ማውጣት ግዴታው ነው። የት መድረስ እንደሚችልና በምን ሁኔታ መሥራት እንዳለበት የሚወስነው ፈቃዱ ነው። ባለፈቃዱም ከ1993 ጀምሮ ለባሕሩ አስተዳደር የሚውል ክፍያ ከጎብኚዎቹ እየሰበሰበ ያስገባል። ያለ ፈቃድ ያጓጓዘ ግን፣ አንዳች ኮራል መስበሩ ባይረጋገጥበትም እንኳ፣ ይቀጣል።

እዚህ ላይ ባለጀልባው ሊያቀርበው የሚችለውን ክርክር በቅንነት ልንሰማው ይገባል። «መልሕቄን የጣልሁት በአሸዋ ላይ ነው፤ እንግዶቼም ደስ ብሏቸው በሰላም ተመልሰዋል። ታዲያ ስለ አንድ ወረቀት የልጆቼ እንጀራ ለምን ይወሰድብኛል? ባሕሩን ያሞቀው እኔ ነኝን?» ሊል ይችላል። የመጨረሻው ጥያቄ በተለይ ቀላል አይደለም። በ1998፣ በ2002፣ በ2016፣ በ2017፣ በ2020፣ በ2022ና በ2024 የባሕሩ ሙቀት ከልክ አልፎ ኮራሉ በሰፊው ነጥቷል፤ የሚመግቡትንና ቀለም የሚሰጡትን ረቂቅ ተክል መሳይ ፍጥረታት ከአካሉ አስወጥቷል። የዚህ መንስኤ ዓለም በሙሉ የሚያነደው ነዳጅ እንጂ የአንድ ሰው ጀልባ አይደለም።

ሆኖም ክርክሩ አንድ ነገር ዘንግቷል። የጋራ ሀብት የሚጠፋው በታላላቅ በደሎች ብቻ ሳይሆን፣ እያንዳንዳቸው «የእኔ ምን ይጎዳል?» በሚያሰኙ ብዙ ትንንሽ ድርጊቶችም ነው። አንድ ጀልባ አይጎዳ ይሆናል፤ መቶው ግን ይጎዳሉ። ከመቶዎቹ መካከል የትኛው ጎዳ ተብሎ ቢጠየቅ መልስ አይገኝም። ስለዚህ ፈቃድ ተራ ወረቀት ሳይሆን መቁጠሪያ ነው፤ ባሕሩ ምን ያህል እንደሚሸከም የሚታወቀው በእርሱ ነው። አባቶቻችን ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጥ ነው ይላሉ። ያልተቆጠረው ጀልባ የራሱን ሎሚ በሌሎቹ ጫንቃ ላይ ጥሎ ባዶ እጁን የሚሄድ መንገደኛ ነው። ሌሎቹ ደንቡን ስላከበሩ ባሕሩ ውብ ሆኖ ቆየ፤ እርሱም ያንኑ ውበት ሸጠ። በደሉ እዚህ ላይ ነው።

መቁጠር ለሰው ሕይወትም ይጠቅማል። በ1998 በዚያው ባሕር ሁለት ጠላቂዎች በጀልባቸው ተረስተው ቀርተዋል፤ ተሳፋሪዎቹ በትክክል አልተቆጠሩም ነበርና። ከዚያ በኋላ የቆጠራው ደንብ ጠበቀ። ፈቃድ ብቻውን ሰውን ጠንቃቃ እንደማያደርግ ይህ ያስተምረናል፤ በተጨማሪም ደንብ ሊታረምና ሊጠብቅ የሚችለው በሚታወቁት ጀልባዎች ላይ ብቻ መሆኑን ያሳየናል።

እንግዲህ ቅጣቱ ተገቢ ነው ካልን፣ ፍትሐዊ እንዲሆን የሚያስፈልገውን ደግሞ መናገር ግዴታችን ነው። በመጀመሪያ ወሰኑ የታወቀ ይሁን፤ በውኃ ላይ አጥር አይታይምና ካርታውና ምልክቱ ለማንኛውም ባለጀልባ ሊደርሰው ይገባል። ሁለተኛም የፈቃዱ በር ለታናሹም ክፍት ይሁን። ክፍያው ከአቅም በላይ፣ ቀጠሮውም ማለቂያ የሌለው ከሆነ፣ ሕጉ የሚቀጣው በደልን ሳይሆን ድህነትን ይሆናል። ሦስተኛም መቀጮው ከትርፉና ከአቅም ጋር ይመዛዘን። ከአንድ ቀን ገቢ ያነሰ መቀጮ ለባለጸጋው ዋጋ እንጂ ቅጣት አይደለም፤ ያው ገንዘብ ግን ባለ አንዲት ጀልባውን ከሥራው ሊነቅለው ይችላል። የአውስትራልያ የ1914 የወንጀል ሕግ በመርሕ ደረጃ ፍርድ ቤት በድርጅት ላይ ለግለሰብ ከተወሰነው እስከ 5 እጥፍ መቀጮ እንዲጥል መፍቀዱ ይህን ልዩነት የተገነዘበ ይመስላል።

ተሳፋሪውም ከነገሩ ነፃ አይደለም። ዋጋው ስለ ቀነሰ ብቻ ሳይጠይቅ የሚሳፈር ሰው የበደሉ ተካፋይ ነው።

የባሕሩ መሞቅ ከባለጀልባው ጥፋት እጅግ ይበልጣል፤ ይህን አንክድም። ነገር ግን የትልቁ በደለኛ አለመቀጣት ለትንሹ ፈቃድ አይሆነውም፤ ትንሹን የሚቀጣውም ሕግ በትልቁ ፊት ዝም ካለ አመኔታውን ያጣል። ስለዚህ እያንዳንዳችን በእጃችን ያለውን የጋራ ነገር፣ ምንጭም ይሁን ደን ወይም መንገድ፣ ስንጠቀም «ማንን ጎዳሁ?» ብለን ብቻ አንጠይቅ፤ «ሸክሜን ማን ተሸከመልኝ?» ብለንም እንጠይቅ።