አበባን ስለ መውደድና በመስታወት ስለ መዝጋት

ሰው የወደደውን ነገር በአጠገቡ ለማኖር መሻቱ የታወቀ ነው። የምንወደው ነገር ሕይወት ያለው በሆነ ጊዜ ግን በአጠገባችን የምናኖረው ለእርሱ ብለን ነው ወይስ ለራሳችን? ይህን ጥያቄ እንድናነሣ ያደረገን የሊቃውንት ክርክር አይደለም፤ ልደታ ካለው ቤታችን መስኮት አጠገብ የተቀመጠች አንዲት የመስታወት ሣጥን ናት።

ለሥራ ወደ ከፋ ወርዶ የነበረ ወዳጃችን ከቦንጋ ሲመለስ አንዲት ኦርኪድ በኮባ ቅጠል ጠቅልሎ አመጣልን። ከቡና ጫካ ውስጥ፣ ከዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ያወረዳት ናት። በዛፍ ላይ የበቀለውን ሁሉ ተቀጥላ ብሎ መጥራት ልማዳችን ነው፤ ነገር ግን ተቀጥላ የተሸካሚውን ዛፍ ውሃ ሲቀማ፣ እንዲህ ያለችው ኦርኪድ ከዛፉ የምትሻው መቀመጫ ብቻ ነው። ሥሮቿ በአየር ተንጠልጥለው ከዝናቡና ከጉሙ ይጠጣሉ፤ በቅርፊቱ ላይ ከተጠራቀመው ብስባሽም ጥቂት ይመገባሉ። ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው ከሁለት የውጭ አገር ሊቃውንት ጋራ እ.ኤ.አ. በ2004 ስለ ኢትዮጵያ ኦርኪዶች ያሳተሙት መጽሐፍ እንደሚያሳየው በአገራችን ከ150 የሚበልጡ ዓይነቶች አሉ። እኛ ግን በዚያን ጊዜ አንዲቱን እንኳ አናውቅም ነበር።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ከተማ ስለ ሆነች፣ ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱ ይበርዳል፤ አየሩም ይደርቃል። የጉም ልጅ የሆነች ተክል በዚህ አየር ትጐዳለች ብለን የመስታወት ሣጥን አሠራን። ይህ ብልሃት ጥንታዊ ነው። ናትናኤል ዋርድ የተባለ የሎንዶን ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1829 የእሳት ራት ከሽፋኗ ስትወጣ ለማየት ሲል ሽፋኑን እርጥብ አፈር ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ዘግቶ ቢያስቀምጥ፣ በከተማው የከሰል ጢስ ምክንያት በግቢው አልበቅል ያለው ፈርን ከዚያ አፈር በቅሎ አገኘው። ከአፈሩ የተነሣው እርጥበት በመስታወቱ ላይ ጤዛ ሆኖ መልሶ ይወርድ ነበርና። በ1833 በእንዲህ ያለ ሣጥን ወደ አውስትራልያ የተላኩ ተክሎች ያን ሁሉ ባሕር ተሻግረው በሕይወት ደረሱ።

እኛም ይህን አንብበን ተደሰትን፤ ማንበብ ግን ማወቅ አይደለም። ሣጥኑን በጥቁር አፈርና በፍግ ሞላነው፤ ተክሊቱንም እንደ ጎመን ችግኝ ተከልናት። ጧትና ማታ ውሃ አጠጣናት፤ ክዳኑንም አጥብቀን ዘጋን። እንቡጥ ይዛ መጥታ ኖሮ በሦስተኛው ሳምንት አበበች። ነጭ ነበረች፤ ከኋላዋም ቀጭን ረዥም ጭራ ነበራት። ቀን ሽታ አልነበራትም፤ በመሸ ጊዜ ግን ክዳኑን ብንከፍት ቤቱን መዓዛ ሞላው። በኋላ እንደ ተረዳነው፣ በሌሊት የሚሸቱ እንዲህ ያሉ ነጭ አበቦች የሚጠሩት የእሳት ራትን ነው፤ ማሩም በዚያ ጭራ ውስጥ ነው ያለው። ለእኛ የመሰለን ያ መዓዛ ለሌላ የተላከ መልእክት ነበር፤ እኛ ደግሞ በላዩ ክዳን ገጥመንበት ነበር።

ከዚያ በኋላ ቅጠሏ ቢጫ እየሆነ ሄደ። እኛም ውሃውን ጨመርን። ከታችኛው ፎቅ የሚኖሩ፣ በየቆርቆሮው ጤና አዳም የሚያሳድጉ እናት ሊጠይቁን መጥተው ጥቂት ከተመለከቱ በኋላ፣ «ልጄ፣ የምታጠጣት ጠምቷት ነው ወይስ እጅህ ሥራ ፈትቶ?» አሉን። ነቅለን ብናይ ሥሯ በስብሶ ጠቁሯል። ከጥቂት ቀን በኋላ ሞተች።

ለዛፍ ኦርኪድ አፈር መቃብሯ ነው። የሚያስፈልጋት የዛፍ ቅርፊት ቁራጭ፣ ጥቂት ከሰልና ሽበት ነው። ሥሯ ሲደርቅ እንደ ብር ይነጣል፤ ሲጠጣ ይለመልማል፤ ስለዚህ የሚነጣውን ሥር አይቶ ማጠጣት እንጂ ቀን ቈጥሮ ማጠጣት አያሻም። ክዳኑም ለአየር ክፍተት ሊተውለት ይገባል፤ የቀትር ፀሐይ በቀጥታ ያረፈበት ሣጥን ምድጃ ይሆናልና። ይህ ሁሉ ሥራ አብዛኛው አለመንካት ነው። ጀማሪውን የሚያስቸግረውም ይኸው ነው፤ ፍቅሩን በሥራ ካልገለጸ የወደደ አይመስለውምና። ከእኛ መካከል ልጁን፣ ተማሪውን ወይም የበታች ሠራተኛውን በዚህ ዓይነት ያላጠጣ ማን ነው?

ሆኖም ከውሃው የባሰው ጥፋታችን ሌላ ነው። አመጣጧን የጠየቅነው ከሞተች በኋላ ነበር። ወዳጃችን፣ «ዛፉ ለቡናው ብርሃን ሲባል ሊቈረጥ ነበር፤ ከሞት አዳንኋት» አለን። ነገሩ እውነት ሊሆን ይችላል፤ ከወደቀ ቅርንጫፍ ላይ ማንሣትንም ጥፋት አንለውም። ነገር ግን «ሊቈረጥ ነበር» እና «ተቈርጦ ነበር» የሚሉት ሁለት ቃላት በጣም ይራራቃሉ። በ19ኛው መቶ ዓመት በደቡብ አሜሪካ ደኖች የዘመቱት የኦርኪድ ነጋዴዎች አበባውን ለማውረድ ዛፉን ራሱን ይቈርጡ ነበር፤ አበባ አፍቃሪዎች የሚባሉትም የእነርሱ ደንበኞች ነበሩ። ዛሬ የኦርኪድ ወገን በሙሉ እ.ኤ.አ. በ1973 በተፈረመው የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ዓለም አቀፍ የንግድ ስምምነት ሥር የገባው ያለ ምክንያት አይደለም። ስምምነቱ ግን ድንበር የሚሻገረውን ይቈጣጠራል እንጂ ከቦንጋ ልደታ የሚመጣውን አያይም። ያን የሚያየው ተቀባዩ ብቻ ነው።

መስታወትን ግን ፈጽመን አንኰንንም። የኦርኪድ ዘር እንደ ትቢያ የደቀቀና ስንቅ የሌለው ነው፤ በዱር የሚበቅለው ሻጋታ መሰል ረቂቅ ሕይወት ሲመግበው ነው። ይህን ኖኤል በርናር የተባለ ፈረንሳዊ በ1899 አገኘ፤ በ1922 ደግሞ ሉዊስ ክኑድሰን የተባለ አሜሪካዊ ዘሩን በጠርሙስ ውስጥ ስኳር ባለበት ምግብ ለብቻው አበቀለው። ስለዚህ ከዘር በጠርሙስ ያደገችውን ተክል የሚገዛ ሰው ከማንም ዛፍ ላይ አልነጠቀም። እኛ እንዲህ ያለችውን እስክናገኝ ሣጥኗ ከነቅርፊቷ ባዶዋን ተቀምጣለች።

በዚህ ወር ወዳጃችን እንደ ገና ወደ ቦንጋ ሊወርድ ነው። «ሌላ ላምጣላችሁ?» ቢለን፣ አስቀድሞ ያ ዛፍ ዛሬም ቆሞ እንደ ሆነ አይቶ እንዲነግረን ለመንነው።