ትዕግሥት በማን ሒሳብ?

ለዓመታት ሳይነካ የቆመ የልብስ ስፌት መኪና መዘውሩን ቢይዙት ንቅንቅ አይልም። አሶሳ ገበያ ዙሪያ በረንዳ ላይ መኪና ዘርግተው ከሚሰፉት ሰዎች አንዱን ብትጠይቁ «ግግም ብሏል» ይላችኋል። ቃሉን እወደዋለሁ። «ተሰብሯል» አላለም፣ «አበቃለት»ም አላለም። ግግም ያለ ልጅ የከፋው ነገር እንዳለ ሁሉ ግግም ያለ ብረትም የያዘው ነገር አለ። እንግዲህ ጥያቄው የያዘውን ሳናውቅ ጉልበት መጠቀም ይገባናል ወይ የሚል ነው። ከዚያ የሚከብድ ሁለተኛ ጥያቄም አለ፦ እስክናውቅ ድረስ የሚጠብቀው ማን ነው?

እኔ በምህንድስና ተመርቄ በሶፍትዌር ሥራ የምተዳደር ሰው ነኝ። በኛ ሙያ አንድ ነገር ሲቆም የመጀመሪያው ምክር «አጥፍተህ አብራው» ነው። ሰው ይስቅበታል እንጂ ምክሩ ሞኝነት የለውም። የጻፍኩት ኮድ በየደረጃው ቅጂ ተይዞለታል። ከሰዓት ባበላሸው ወደ ጠዋቱ እመለሳለሁ። እና የኛ ድፍረት ከጀግንነት የመጣ አይደለም፤ ከቅጂው ነው። ቅጂ ያለው ሰው መሞከር አይፈራም።

ብረት ግን ቅጂ የለውም። የአሮጌ መኪናዎች አካል ብዙውን ጊዜ ካስት አይረን ከሚባለው፣ ቀልጦ በቅርጽ ከተፈሰሰው ብረት የተሠራ ነው። ካርቦኑ ከመቶ 2 እጅ በላይ ስለሆነ ጠንካራ ነው፣ ግን ተሰባሪ ነው። ሲመቱት አይታጠፍም፣ ይሰነጠቃል። አይዛክ ሲንገር በአሜሪካ ፓተንት ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1851 ነው። ከዚያ ወዲህ በእግር የሚነዱት መኪናዎች ብዙ ቢለዋወጡም፣ ሲደርቁ የሚያስቸግሩበት ሁኔታ ግን ተመሳሳይ ነው፦ ዘንጎቹ ያለፉባቸው ጠባብ ቀዳዳዎች ይያዛሉ።

የሚይዛቸውስ ምንድን ነው? ዝገት ሊሆን ይችላል። የኛ አካባቢ ክረምት ረጅም ነው፣ እርጥበቱም ብረት አይምርም። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋተኛው ራሱ ዘይቱ ነው። የመኪና ዘይት ያጣ ሰው የኑግ ዘይት ጠብ ያደርጋል። ኑግ ደግሞ አየር ላይ ሲቆይ ከኦክስጅን ጋር እየተዋሐደ ይወፍራል፣ ይጣበቃል፣ በመጨረሻ እንደ ቫርኒሽ ይደርቃል። እናቶቻችን አዲስ ምጣድ በጎመን ዘር ሲያሟሹ የሚፈልጉት ይህንኑ ዓይነት ለውጥ ነው፤ እሳቱ ያፋጥነዋል እንጂ። ምጣድ ላይ እንጀራ እንዳይጣበቅ የሚያደርገው ነገር ዘንግ ላይ ሲሆን ያጣብቃል። ደግ ታስቦ የተጨመረ ነገር ነው የያዘው። ይህን የሚያውቅ ሰው መዶሻ ለማንሳት አይቸኩልም።

የአንዲት ዘመዳችንን መኪና ላንሳ። እትዬ ነው የምላት። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ በካማሺ ዞን በተነሳው ግጭት ብዙ ሺህ ሰው ሲፈናቀል እሷም ቤቷን ዘግታ ከወጡት አንዷ ነበረች። መኪናዋ፣ የሻንጋይ ስሪት ቢራቢሮ፣ የተዘጋው ቤት ውስጥ ቀረ። ከዓመታት በኋላ በጭነት መኪና አሶሳ ሲደርስላት መዘውሩ እንደ ድንጋይ ነበር። ሰፈራችን ያሉ አንድ አዛውንት ልብስ ሰፊ ሊያዩት መጡ፤ እኔ ካቻቪቴና የእጅ ባትሪ ያዥ ሆንኩ።

አሠራራቸው ገረመኝ፤ እኔ ስህተት የምፈልግበት መንገድ ነው። ግማሹን ለይተህ ንጹህ መሆኑን ታረጋግጣለህ፣ ከዚያ ወደቀረው ትሄዳለህ። መጀመሪያ ቺንጊያውን አውልቀው የእግር መርገጫውን ለብቻው አወዛወዙት፤ ደህና ነው። መርፌውን አወጡ። ከመዘውሩ መሐል ያለውን ማላቀቂያ ፈቱ፤ መዘውሩ ለብቻው ዞረ፣ ስለዚህ የተያዘው ወደ ውስጥ ነው ማለት ነው። የታችኛው ክር የሚቀመጥበትን ሥፍራ ከፍተው በጠባብ ወረንጦ የተጠቀለለ አሮጌ ክር ጎተቱ። አሁንም አልተነቃነቀም። ከዚያ ዘንግ በሚያልፍበት ቀዳዳ ሁሉ ነጭ ጋዝ ጠብ ጠብ አደረጉና እጃቸውን ጠረጉ።

«በቃ፣ ለዛሬ ይኸው ነው» አሉ።

«ትንሽ ገፋ ባደርገውስ ጋሼ?»

«ወዴት ነው የምትገፋው ልጄ? የቱ ጋ እንደተያዘ አውቀሃል?»

በማግስቱ እንደገና ጋዝ፣ በሦስተኛው ቀን እንደገና። መዘውሩን ወደፊትና ወደኋላ በስሱ ወዝወዝ ያደርጉታል፣ እምቢ ሲል ይተዉታል። ከሥራቸው ያየሁትን በራሴ ቋንቋ ሳስቀምጠው እንዲህ ይሆናል፦ ሊመለስ የሚችለውን አስቀድም። ማየት ይመለሳል። ክር ማውጣት፣ ጋዝ መጨመር፣ ማሳደር፣ እነዚህ ሁሉ ሳይሠሩ ቢቀሩ መኪናው ከነበረበት አይብስም። መዶሻ ግን አይመለስም። ስለዚህ መዶሻ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል። ያኔም ቢሆን ባለቤቱ «ሊሰበር ይችላል» ተብሎ ተነግሮት እሺ ሲል ነው። ይህ የጥገና ደንብ ብቻ አይመስለኝም። የሌላ ሰው ንብረት ወይም ኑሮ እጁ ላይ ያለበት ሰው ሁሉ ደንብ ነው።

እዚህ ላይ ባቆም ጽሑፉ የትዕግሥት ምስጋና ይሆን ነበር። «የቸኮለ ጅብ ቀንድ ይነክሳል» ብዬ እደመድም ነበር። እትዬ ግን በሦስተኛው ቀን እንዲህ አለች፦ «እናንተ ታገሺ ትሉኛላችሁ። ደንበኛ ግን አይታገስም።»

ጊዜው ትምህርት ቤት የሚከፈትበት ሰሞን ነበር። ዩኒፎርም የሚሰፋው ያኔ ነው። ለልብስ ሰፊ ያ ሰሞን እንደ ገበሬ አጨዳ ነው፣ ካለፈ አለፈ። እና የኔን ደንብ አፈረሰችው ማለት ይቻላል። ጋዝ ማሳደር ይመለሳል ብዬ ነበር። ለብረቱ ይመለሳል። ለእሷ ግን ያደረው ሌሊት አይመለስም፤ ያልተሰፋው ዩኒፎርም ሌላ ሰው ጋ ሄዷል። መጠበቅም ከመዶሻው እኩል የማይመለስ ነገር ይወስዳል። ድምፅ ስለሌለው ነው የማንቆጥረው።

ታዲያ መዶሻው ትክክል ነበር? አይደለም። መኪናው ቢሰነጠቅ የምታጣው የአንድ ሰሞን ገቢ ሳይሆን የሁሉም ሰሞን ነው። ግን «ታገሺ» የሚለው ምክርም ብቻውን ትክክል አይደለም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የምንለው አብዛኛውን ጊዜ እንቁላሉ ለእራት ለማይፈለግበት ቤት ነው። ትዕግሥት ወጪ አለው። ወጪውን የሚከፍለው ደግሞ ምክሩን የሚሰጠው አይደለም።

አዛውንቱ በዚህ ላይ ንግግር አላደረጉም። በዚያው ምሽት «ማታ ማታ የኔ ያርፋል፣ መጥተሽ ስፊበት» አሏት። እስከ ሦስት ሰዓት ሰፋችበት፣ የቀሩትን ደንበኞችም ያዘች። በስድስተኛው ቀን የራሷ መኪና መዘውር የጥፍር ስፋት ያህል ሄደ፤ በስምንተኛው ሙሉ ዞረ። ጋዝ ያሟሟል እንጂ አያለሰልስምና የፈሰሰውን ጠርገው ትክክለኛውን የመኪና ዘይት አጠጡት። ለኔ ዋናው ነገር የሆነው ግን መዘውሩ መዞሩ አይደለም፤ ባይዞርም ማታ ማታ ያዋሷት መኪና ትክክል ነበር። እንድትጠብቅ ሲጠይቋት የመጠበቁን ሸክም ከእሷ ጋር ተካፈሉ። ትዕግሥትን ከምክርነት አውጥቶ ግብረገብ የሚያደርገው ይህ ይመስለኛል።

ይህ ወደ እኔ ወንበር ሲመጣ ስሙ «ሲስተም የለም» ነው። ሁላችሁም መስኮት ፊት ቆማችሁ ሰምታችሁታል። ከመስኮቱ ጀርባ፣ ሩቅ ቦታ፣ እንደኔ ያለ ሰው ተጣድፎ እንዳያበላሽ እየተጠነቀቀ ቀስ ብሎ ስህተት ይፈልጋል። ትክክል ነው፣ ሊጠነቀቅ ይገባል፤ ዳታ ውስጥም የማይመለስ ነገር አለ። ግን ከኩርሙክ ወይም ከሸርቆሌ ለአንድ ወረቀት አሶሳ የመጣው ሰው የአልጋ ይከፍላል፣ ምሳ ይገዛል፣ ነገ ደግሞ ይሰለፋል። የኔን ጥንቃቄ የሚከፍለው እሱ ነው፤ እኔ ግን ደመወዜ አይጎድልም።

ስለዚህ አሁን የሥራ እቅድ ስንጽፍ «ስንት ቀን ይፈጃል» ከሚለው ሥር አንድ መስመር እንዲጨመር እጠይቃለሁ፦ «እስከዚያ የሚጠብቀው ማን ነው፣ በምን ይሠራል?» አንዳንዴ መልሱ ቀላል ነው፤ በወረቀት መመዝገቢያ ደብተር ያዘጋጁ፣ ስልኩን ይዘው ሲስተሙ ሲነሳ ይደውሉለት። አንዳንዴ መልስ አናገኝለትም። ያኔም መስመሩ ባዶ ሆኖ ይቀመጥ እላለሁ፣ እንድናየው።