ጀልባውና ባለ ለቅሶዋ

ሰሞኑን ከአንድ የድሮ ተማሪዬ ጋር ቡና እየጠጣን ክፉኛ ተከራከርን። ልጁ ዛሬ በቪዲዮና «ኢንስታሌሽን» በሚሉት፣ ዕቃ አዳራሽ ውስጥ አቁሞ በሚያናግር ጥበብ የሚሠራ አርቲስት ነው። ያከራከረን አንድ ጀልባ ነው።

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 18 ቀን 2015 ሌሊት፣ ከሊቢያ ስደተኞች ጭኖ የተነሣ የዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ሊያድነው ከመጣ የጭነት መርከብ ጋር ተጋጭቶ ሜዲትራኒያን ውስጥ ሰጠመ። የተረፉት 28 ናቸው። ሟቾቹን 700 የሚል አለ፤ ከ1,000 በላይ የሚልም አለ። ልብ በሉ፣ ልዩነቱ ሦስት መቶ ሰው ነው! የማን ሬሳ ቢሆን ነው ሦስት መቶው ወዲህ ወዲያ ተብሎ የሚታለፈው?

የጣሊያን ባሕር ኃይል በ2016 ጀልባውን ከ370 ሜትር ገደማ ጥልቀት አወጣው። በ2019 ክሪስቶፍ ቡኸል የተባለ ስዊዘርላንዳዊ አርቲስት «ባርካ ኖስትራ» (ጀልባችን) ብሎ ቬኒስ ቢያናሌ ላይ አቆመው። አጠገቡ ቡና ቤት አለ፤ ገላጭ ጽሑፍ ግን አልነበረም። ጎብኚው ፎቶ ይነሣበት ነበር።

«ታዲያ ባይታይ ይሻል ነበር ጋሼ?» አለኝ ተማሪዬ። «ባሕሩ ደብቆት ነበር እኮ። ዐይን አይቶ ልብ ይፈርዳል ይሉን የነበሩት እርስዎ አይደሉም?»

ቀላል ክርክር አይደለም። እኔ ግን ያሰብኩት የሰፈራችንን አንዲት እናት ነው። ልጃቸው በሱዳን አድርጎ ሊቢያ ከገባ በኋላ ድምፁ ጠፋ። መርዶ አልመጣ፣ ድንኳን አልተተከለ። ዛሬም ስልክ በጮኸ ቁጥር ይደነግጣሉ። እኚህ ሴት ቬኒስ ሄደው ያንን ጀልባ ቢያዩት ምን ይሉ ይሆን?

ሞትን ለዕይታ ማቅረብ ነውር ነው ብል ውሸቴን ነው። በእኛ ለቅሶም የሟች ፎቶ ይወጣል፤ ልብሱ ተይዞ ይለቀሳል። ግን እዚያ የሚታየው ስም አለው፤ አጠገቡም ባለ ለቅሶ አለ። ነውሩ እንግዲህ ያለ ስምና ያለ ባለ ለቅሶ ማሳየቱ ነው። እስቲ አውሮፓውያን ያለቁበት የአውሮፕላን ስብርባሪ፣ ያለ አንዲት ጽሑፍ ቡና ቤት አጠገብ ይቆም ነበር? አይመስለኝም። ዘረኝነት ስድብ ብቻ አይደለም፤ የማን ሐዘን ፈቃድ ይጠየቅበታል፣ የማን አይጠየቅበትም በሚለውም ውስጥ ይኖራል።

ሌላ መንገድ አለ። ሞሮኳዊት-ፈረንሳዊቷ ቡሽራ ኸሊሊ ከ2008 እስከ 2011 ስምንት ቪዲዮዎች ሠርታለች። የሚታየው ካርታና አንድ እጅ ብቻ ነው። ስደተኛው የመጣበትን መንገድ በማርከር እያሰመረ በራሱ አፍ ይናገራል፤ ፊቱ አይታይም። ድንበሩን ሌሎች አስምረውታል፤ መንገዱን ያሰመረው ግን እሱ ነው።

የሚላኗ የፎረንሲክ ሐኪም ክሪስቲና ካታኔዮም ከዚያው ጀልባ የወጡትን አስከሬኖች ስትመረምር፣ ከማሊ የተነሣ የ14 ዓመት ገደማ ልጅ ልብስ ውስጥ የተሰፋ የትምህርት ቤት ውጤት ካርድ አገኘች። ዕድሜዬን ሙሉ ማርክ ስሞላ የኖርኩ ሰው ነኝ። ልጁ ባሕር ሊሻገር ሲነሣ ልብሱ ውስጥ የሰፋው ውጤቱን መሆኑን ሳነብ መነጽሬን አወለቅሁ። ጀልባው ሙሉውን ቆሞ ያልነገረኝን ያቺ ወረቀት ነገረችኝ።

«ታዲያ ጀልባው ይጣል?» አለ ተማሪዬ።

አይጣል። በ2021 ወደ ሲሲሊ ተመልሷል፤ ይቀመጥ። ግን እንዲህ ያለ ሥራ ስትሠራ አንድ ነገር ራስህን ጠይቅ፤ እናቱ ድንገት በበሩ ብትገባ ወንበር ታቀርብላታለህ ወይስ ታፍራለህ? አልኩት።

ያሸነፍኩ መስሎኝ ወደ ቤቴ ስሄድ የእኚያ እናት በር ላይ ደረስኩ። ሐዘናቸውን መከራከሪያ ሳደርገው ፈቃዳቸውን አልጠየቅሁም። የልጃቸውን ስም እንኳ አላውቅም። ነውሩ ለካ ቬኒስ ብቻ አይደለም። አንኳኳሁ።