አደራ ተቀባዮች፤ በኦስሎ ስለሚገኝ አንድ ካቶሊካዊ ትምህርት ቤት አስተዳደር

ሕፃን የማን ነው ብሎ መጠየቅ በመጀመሪያ ሲሰሙት ከንቱ ክርክር ይመስላል፤ አንዱ የወላጆቹ ነው፣ ሌላው የአገሩ ነው፣ ሦስተኛውም የፈጠረው የእግዚአብሔር ነው ብሎ ሳይጠራጠር ይመልሳልና። ነገር ግን እነዚህ ሦስት መላሾች በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው የአንድን ትምህርት ቤት ገንዘብ እንዲያከፋፍሉ፣ ርእሰ መምህሩን እንዲሾሙ፣ የትምህርቱንም መንፈስ እንዲጠብቁ ግድ የሆነባቸው ጊዜ፣ ያ ቀላል የመሰለው ጥያቄ የፍልስፍናም የሃይማኖትም ጥያቄ ሆኖ በየስብሰባው ይነሣል። በኖርዌይ ዋና ከተማ በኦስሎ፣ ከቅዱስ ኦላቭ ካቴድራል አጠገብ፣ ከአንደኛ እስከ ዐሥረኛ ክፍል የሚያስተምረው የቅድስት ሱኒቫ ካቶሊካዊ ትምህርት ቤት ይህን ጥያቄ ለመመርመር የተመቸ ስፍራ ነው፤ የታሪኩ አመጣጥም፣ የሚተዳደርበት ሕግም፣ የሚሰበሰቡበት ልጆች ከየአገሩ መምጣትም ነገሩን ገልጠው ያሳዩናል።

የአስተዳደሩን ባሕርይ ለመረዳት ትምህርት ቤቱ የተወለደበትን ዘመን ማስታወስ ይገባል። ዘመናቱን፣ ሌላ ካላልሁ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ። በ1537 ዓ.ም. የሉተር ተሐድሶ በንጉሥ ትእዛዝ ከጸናባት ወዲህ ኖርዌይ ለሦስት መቶ ዓመታት ያህል ካቶሊካዊ ደብር አልነበራትም፤ በ1814 ዓ.ም. የቆመው ሕገ መንግሥትም ወንጌላዊ ሉተራዊውን እምነት የመንግሥት ሃይማኖት ካደረገ በኋላ ኢየሱሳውያንን፣ የመነኮሳት ማኅበራትንና አይሁድን ከአገሩ አግዶ ነበር። የመጀመሪያው ካቶሊካዊ ደብር በዋናው ከተማ እንዲቋቋም የተፈቀደው በ1843 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ከመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ውጭ ለሆኑ ክርስቲያኖች በሕግ ነጻነት ተሰጠ። በ1865 ዓ.ም. የቅዱስ ዮሴፍ እኅቶች የሚባሉት ደናግል ከሳቮይ ምድር፣ ከሻምቤሪ ከተማ ተነሥተው፣ ያን ጊዜ ክርስቲያንያ ትባል ወደነበረችው ወደዚህች ከተማ መጡ፤ ትምህርት ቤቱም ልደቱን ከዚያው ዓመት ይቈጥራል። የመነኮሳትን ማኅበራት የሚያግደው ቃል ከሕገ መንግሥቱ የተፋቀው በ1897 ዓ.ም.፣ ኢየሱሳውያንን የሚያግደው ደግሞ በ1956 ዓ.ም. ነውና፣ ትምህርት ቤቱ የተተከለው የአገሩ ሕግ የገዳምን ሕይወት በጥርጣሬ ዓይን በሚያይበት ዘመን መሆኑን ልብ ይሏል።

ስሟን የሰጠችው ቅድስትም ራሷ ስደተኛ ነበረች። ገድሏ እንደሚተርከው ሱኒቫ በዐሥረኛው ምዕት ዓመት ከአንድ አረማዊ ንጉሥ የጋብቻ ግዳጅ ሸሽታ ከተከታዮቿ ጋር ከአየርላንድ በባሕር የወጣች፣ በምዕራብ ኖርዌይ በምትገኘው በሴልያ ደሴት ያረፈች፣ በዚያም በዋሻ ውስጥ ሳለች ዓለቱ ተንዶ የሸፈናት ልዕልት ናት፤ ዐፅሟ በ1170 ዓ.ም. ወደ በርገን ፈለሰ፤ ከባሕር ማዶ የመጣችው ባዕድም የምዕራብ ኖርዌይ ጠባቂ ቅድስት ተባለች። ከፖላንድ፣ ከፊሊፒንስ፣ ከቬትናም፣ ከስሪላንካና ከኤርትራ የመጡ ምእመናን በብዛት ለሚገኙባት ለዛሬዪቱ የኦስሎ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያን ከዚህ የሚስማማ ስም ማግኘት ያስቸግራል።

ይህ ታሪክ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ባዕድ አይደለም፤ እኛም በተራችን ባለቤቶች ሆነን እንግዳን ተቀብለናልና። በ1936 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር የወጣው የሚሲዮናውያን ደንብ አገራችንን ለሁለት ከፍሎ፣ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን በሚበዙበት ክፍል ሚሲዮናውያን ሰውን ወደ እምነታቸው እንዳይስቡ ሲከለክል፣ በሌላው ክፍል ግን እንዲሰብኩ ፈቅዶ፣ የማስተማሪያውን ቋንቋ አማርኛ አድርጎ ነበር። በዚሁ ደንብ ሥር፣ በ1948 ዓ.ም. በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ የኖርዌይ ሉተራውያን ሚሲዮናውያን ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ መጥተው በሲዳማ ምድር ሥራቸውን ጀመሩ። እንግዲህ በኦስሎ ባለቤት የነበረው ሉተራዊ በሲዳማዋ ከተማ በይርጋለም እንግዳ ሆነ ማለት ነው፤ በሁለቱም አገር እንግዳው ትምህርት ቤት ሲከፍት ባለቤቱ የጠየቀው አንድ ነገር ነበር፦ ልጆቼን ወስደህ የማን ልታደርጋቸው ነው? ይህ ጥያቄ የክፋት ጥያቄ አይደለም፤ ትምህርት ቤት የሚያስተዳድር ሰው ሁሉ በየዕለቱ ለራሱ ሊያቀርበው የሚገባ ጥያቄ ነው እንጂ።

ዛሬ በኖርዌይ የግል ትምህርት ቤቶች የሚተዳደሩበት ሕግ በ2003 ዓ.ም. የወጣ ሲሆን፣ ለግል ትምህርት ቤት መቋቋም ተገቢ ናቸው ብሎ ከሚቀበላቸው ምክንያቶች አንዱ ሃይማኖት ነው። ሕጉ እያንዳንዱ ትምህርት ቤት የበላይ ኃላፊ የሆነ ቦርድ እንዲኖረው ያዝዛል፤ በቦርዱም ስብሰባ ወላጆች፣ ተማሪዎች፣ መምህራንና ሌሎች ሠራተኞች በየወኪሎቻቸው ተገኝተው የመናገር፣ የተናገሩትም በቃለ ጉባኤ እንዲጻፍላቸው የማድረግ መብት አላቸው። መንግሥት በራሱ ትምህርት ቤቶች ለአንድ ተማሪ የሚወጣውን ገንዘብ መሠረት አድርጎ አስልቶ 85 በመቶውን ለግሉ ትምህርት ቤት ይከፍላል፤ ከወላጆች የሚጠየቀው ክፍያም በሕግ ተወስኗል። ከዚህ ገንዘብ ምንም ነገር ትርፍ ተብሎ ወደ ባለቤት ኪስ አይገባም፤ በሩም ለምእመናን ልጆች ብቻ ሳይሆን ከመላው አገሩ ለሚመጣ ተማሪ ክፍት መሆን አለበት።

ከዚህ ሕግ ጎን የቤተ ክርስቲያን ሕግ ቆሟል። በ1983 ዓ.ም. የታወጀው የላቲን ቤተ ክርስቲያን ቀኖና ልጆችን ማሳደግና ማስተማር አስቀድሞ የወላጆች ግዴታና መብት መሆኑን ከደነገገ በኋላ፣ ማንም ትምህርት ቤት ያለ ቤተ ክርስቲያን ባለሥልጣን ፈቃድ ካቶሊካዊ ተብሎ እንዳይጠራ ይከለክላል፤ ለጳጳሱም በሀገረ ስብከቱ ያሉትን ካቶሊካዊ ትምህርት ቤቶች የመጎብኘትና የመቈጣጠር ሥልጣን ይሰጣል። ደናግሉ ክርስቲያንያ በገቡ በመቶኛው ዓመት፣ በጥቅምት 1965 ዓ.ም.፣ ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ስለ ክርስቲያናዊ ትምህርት ባወጣው መግለጫም ወላጆች የመጀመሪያዎቹ መምህራን መሆናቸው ጸንቷል። ስለዚህ ቦርዱ ገንዘቡን ከመንግሥት፣ ስሙን ከጳጳሱ፣ ልጆቹን ከወላጆች የተቀበለ ነውና፣ የራሴ የሚለው አንዳች ነገር የለውም። ሥልጣኑ ሁሉ የተዋሰው ሥልጣን ነው።

የኔ አሳብ ከዚህ ይነሣል። ከሦስቱ አንዳቸውም የሕፃኑ ባለቤት አይደሉም፤ ሁሉም ባለአደራዎች ናቸው። ወላጅ ልጁን ከፈጣሪ የተቀበለው ነው እንጂ እንደ ርስት የገዛው አይደለም፤ መንግሥትም ገንዘብ ስለ ከፈለበት ኅሊናውን አይገዛም፤ ቤተ ክርስቲያንም ብትሆን በጸጋ የምትጠራውን ሰው በግዴታ መያዝ አይገባትም። አደራው የሚመለሰው ለራሱ ለልጁ ነው፤ ልጁ ግን አደራውን ተረክቦ ሒሳብ ለመጠየቅ ገና አልደረሰም። አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ የሚለው የአባቶቻችን ብሂል ኃይሉ የሚታወቀው በዚህ ላይ ነው፤ የሚጠይቀው በሩቅ በሆነበት ስፍራ የአደራ ተቀባዩ ኅሊና ብቻውን ዳኛ ሆኖ ይቀመጣልና።

ባለአደራዎቹ እርስ በርሳቸው ሲጋጩ ነገሩ ይከብዳል። ኖርዌይ በ1997 ዓ.ም. ክርስትናን፣ ሃይማኖቶችንና የሕይወት ፍልስፍናን አንድ ላይ የሚያስተምር የግዴታ ትምህርት በመንግሥት ትምህርት ቤቶች አስገባች፤ ሃይማኖት የሌላቸው ወላጆች ልጆቻችን ከዚህ ትምህርት በሙሉ ነጻ አልወጡም ብለው እስከ አውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ሄዱ፤ ፍርድ ቤቱም በ2007 ዓ.ም. በዘጠኝ ድምፅ በስምንት ተቃውሞ የወላጆቹ መብት ተደፍሯል ብሎ ፈረደ። አስተውሎ ለሚመረምር ሰው፣ እነዚያ የማያምኑ ወላጆች ያስከበሩት መብትና ካቶሊካዊው ወላጅ ልጁን ወደ ቅድስት ሱኒቫ የሚልክበት መብት ሥራቸው አንድ ነው። እንግዲያው የካቶሊካዊ ትምህርት ቤት የቦርድ አባል በመንግሥት ትምህርት ቤት ለራሱ የሚሻውን የኅሊና ክብር፣ በእርሱ ትምህርት ቤት ለሚማረው የሙስሊም ወይም የማያምን ሰው ልጅ ቢነፍግ፣ የቆመበትን መሠረት በገዛ እጁ አፈረሰ ማለት ነው።

በዚህ ላይ ኖርዌያውያን አጥብቀው የሚያነሡት አንድ ክርክር አለ፤ ክርክሩም ክብደት አለውና በቀላሉ ሊታለፍ አይገባም። ከ1889 ዓ.ም. የሕዝብ ትምህርት ቤት ሕግ ወዲህ የባለጸጋውና የድኻው ልጅ በአንድ ክፍል ተቀምጠው እንዲማሩ ያደረገው የጋራ ትምህርት ቤት የዚያ ሕዝብ መመኪያ ነው፤ በየሃይማኖቱ ትምህርት ቤት ቢከፈት ሕዝቡ ይከፋፈላል ብለው ይሰጋሉ። ለዚህ መልሱ በስብከት አይገኝም። ከየአህጉሩ የመጡ ልጆች በአንድ ክፍል ተቀምጠው የኖርዌይን ቋንቋ የሚማሩበት ትምህርት ቤት የጋራነት ጠላት አለመሆኑን ማሳየት የሚቻለው በሥራ ብቻ ነው፤ ሥራውም ያለው በቦርዱ እጅ ነው። የመግቢያው ደንብ ቃሉ ለሁሉ ክፍት ሆኖ ሳለ አፈጻጸሙ ለጥቂቶች ያደላ እንደ ሆነ፣ የወላጆች ክፍያም ድኻውን ከደጅ የሚመልስ ከሆነ፣ የከሳሾቹ ስጋት እውነት ይሆናል።

እንግዲህ የመንግሥት ገንዘብ ለሚቀበል፣ በሩም ለሁሉ ለተከፈተ ትምህርት ቤት ካቶሊካዊነቱ ምኑ ላይ ነው? መስቀሉ፣ የማለዳው ጸሎት፣ የበዓሉ ቅዳሴ ምልክቶቹ ናቸው፤ ምልክት ግን የሚያመለክተው ነገር ሲጠፋም በግድግዳ ላይ ሊቀር ይችላል። የትምህርት ቤቱ ሃይማኖት ተፈትኖ የሚታየው ቦርዱ በጀት በሚያጸድቅበት ምሽት ነው ብዬ አምናለሁ። ገንዘቡ ለሁሉ ሳይበቃ ሲቀር የሚቀነሰው ከማን ነው? ቋንቋው ላልገባው ሕፃን ከተመደበው ረዳት መምህር ነውን፣ ወይስ እንግዶች አይተው ከሚያደንቁት ነገር? አንድ ልጅ በጓደኞቹ ሲሠቃይ የተጻፈው አቤቱታ ስምን ለመጠበቅ ይታፈናልን፣ ወይስ ሥራ ይሠራበታል? በነዚህ ጥያቄዎች ላይ እጅ ማውጣት፣ ሰው ሁሉ ባያስተውለውም፣ ሃይማኖትን መመስከር ነው።

በተማሪ ቍጥር የተሰላ ድጎማ የራሱ ፈተና አለው፤ ልጁን ከስሙ አስቀድሞ በቍጥሩ እንድናየው ያባብለናል። ይህ ፈተና የታሰበ ብቻ እንዳልሆነ የኦስሎ ካቶሊካዊት ሀገረ ስብከት ታሪክ ያስተምራል። በ2015 ዓ.ም. በአደባባይ እንደ ተገለጠው፣ መንግሥት ለሃይማኖት ማኅበራት በአባላት ቍጥር ልክ በሚሰጠው ድጎማ ምክንያት፣ ስማቸው ከካቶሊካውያን አገሮች የመጡ የሚያስመስላቸው በሺህ የሚቈጠሩ ሰዎች ከስልክ ማውጫ ሳይቀር እየተፈለጉ፣ ሳይጠየቁ በአባልነት ተመዝግበው ተገኙ፤ መንግሥትም ገንዘቡ እንዲመለስለት ጠየቀ፤ ሀገረ ስብከቱም ተቀጣ። ይህን የማነሣው ለመክሰስ አይደለም፤ መዝጋቢዎቹ ስደተኛውን ምእመን አገኘን ብለው ይሆናል። ነገር ግን መልካም ኅሊና የሌሎችን ጥያቄ ሊተካ እንደማይችል፣ በመጋቢ ላይም ሌላ መጋቢ ማቆም ያለማመን ምልክት ሳይሆን የትሕትና ሥርዓት መሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ አላገኘሁም።

የመጠየቅ ሥልጣን ግን ወሰን አለው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ ዐሥራ አንደኛ በ1931 ዓ.ም. ባወጡት መልእክት፣ ታናሹ ክፍል በራሱ ሊሠራው የሚችለውን ታላቁ እንዳይነጥቀው አስተምረዋል። ቦርድ መምህሩ በክፍሉ ውስጥ የሚሠራውን ሥራ መሥራት አይገባውም፤ ርእሰ መምህሩን ይሾማል፣ ሒሳቡን ይመረምራል፣ ዓላማውን ይጠብቃል፣ ከዚያም እጁን ይሰበስባል። ሁሉን መንካት የሚወድ ባለአደራና ምንም የማይጠይቅ ባለአደራ በመልክ ቢለያዩም ጥፋታቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም አደራውን የራሳቸው ምቾት አድርገውታል።

እኛ ኢትዮጵያውያን በዚህ ነገር የምናመጣውም የምንማረውም አለን። በቄስ ትምህርት ቤት ወላጅ ልጁን ለየኔታ ሰጥቶ ሲመለስ እንዴት አስተማሩት ብሎ መመርመርን እንደ ድፍረት ይቈጥረው ነበር፤ ይህ አክብሮት ብዙ ሊቃውንትን ያፈራ መሆኑን የሚክድ የለም። ሆኖም በ1965 ዓ.ም. በእኛ አቆጣጠር፣ በፓትርያርኩ በብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን፣ ቃለ ዓዋዲ የተባለው ደንብ ወጥቶ ካህናትና ምእመናን በሰበካ ጉባኤ አንድ ላይ እንዲመክሩ ሲደረግ፣ ቤተ ክርስቲያናችን ራሷ መጠየቅ ከማክበር ጋር እንደማይጣላ መሰከረች። በኦስሎ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ወላጅ፣ ካቶሊካዊም ይሁን ኦርቶዶክሳዊ፣ ልጁን የላከበት ትምህርት ቤት በወላጆች ጉባኤ ወይም በቦርድ እንዲያገለግል ሲጠይቀው፣ ቋንቋዬ አልሠላም፣ አገሩም የእኔ አይደለም ብሎ ሊያፈገፍግ ይችላል። ይህ ምክንያት ግን ራሱ የሚያስመርጠው ነው። ትምህርት ቤቱን የተከሉት ደናግል የአገሩ ተወላጆች አልነበሩም፤ ስሟን የሰጠችውም ቅድስት እንዲሁ። በሰው ቤት የሚኖር ሰው የያዘው ሁሉ የራሱ አለመሆኑን ስለሚያውቅ፣ ከባለአደራ የሚፈለገውን ዋናውን ዕውቀት አስቀድሞ ይዞታል፤ የቀረውን፣ የሒሳቡን አነባበብና የሕጉን አንቀጽ፣ ተቀምጦ ሊማረው ይችላል። ስለዚህ ወንበሩ ሲቀርብለት ይቀመጥ፤ ተቀምጦም ዝም እንዳይል፣ ያልገባውንም ሳያፍር እንዲጠይቅ፣ አሳቡ ባይጸናለት እንኳ በቃለ ጉባኤው እንዲጻፍለት ያድርግ፤ ሕፃኑ አድጎ ሒሳብ በሚጠይቅበት ቀን የሚቀርብለት ማስረጃ ያ ነውና።