ወጪት ሰባሪው ማን ነው?

በአገራችን ሰውን ለማሳፈር ከሚነገሩት ቃላት መካከል «በበላበት ወጪት ሰባሪ» የሚለውን ያህል የሚከብድ ጥቂት ነው። ሌባ የተባለ ሰው ይከራከራል፤ ፈሪ የተባለም ወጥቶ ያሳያል። ውለታ ቢስ የተባለ ግን አፉን ይይዛል። ምን ብሎ ይመልስ? «አልበላሁም» እንዳይል በልቷል። ስለዚህ የበላው ዝም እንዲል፣ ያበላው ደግሞ እንዳሻው እንዲናገር የሚያዝ ያልተጻፈ ሕግ በመካከላችን ቆሟል። ይህ ሕግ እውነት ነውን? ውድ አንባቢ፣ የዚህች ጽሑፍ ጥያቄ ይኸው ነው።

ጥያቄው ለእኛ ለስደተኞች የቅንጦት አይደለም። ዱቄቱን ስንቀበል እናመሰግናለን፤ ሸራውን ስንቀበል እናመሰግናለን፤ ፎቶግራፍ ሲያነሡንም ፈገግ እንላለን። ዱቄቱ ነቅዞ ሲገኝ ግን «ነቅዟል» የሚል ሰው በሰልፉ ውስጥ አይገኝም። ቢገኝም ከኋላው የቆመው ወገኑ ራሱ «ኧረ ተው፣ ሰው ምን ይለናል?» ብሎ ክርኑን ይጎትተዋል።

ስለ ውለታ ባሰብሁ ቁጥር ወደ ሐሳቤ የሚመጣ አንድ አርጀንቲናዊ አለ። ዓለም የሚያውቀው በጢሙ፣ በባርኔጣውና በጠመንጃው ነው። እኔ የማነሣው ግን ጠመንጃ ሳይዝ በፊት በዶቅዶቄ ይዞር የነበረውን የሕክምና ተማሪ፣ ኤርኔስቶ ጉቬራን ነው። በ1928 ተወለደ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ከሕፃንነቱ ጀምሮ አስም ያፍነው ነበር። ኮርዶባ በተባለው ከተማ ተማሪ ሳለ፣ በስድስት ዓመት የሚበልጠው አልቤርቶ ግራናዶ የራግቢ ቡድን ያሠለጥን ነበር። ራግቢ ሰው ከሰው የሚላተምበት ጨዋታ ነው፤ ትንፋሽ ለሚያጥረው ልጅ የሚመረጥ አይደለም። አልቤርቶ ግን ከቡድኑ አስገባው። በ1943 አልቤርቶ በተማሪዎች እንቅስቃሴ ሳቢያ በታሰረ ጊዜ፣ ልጁ ከአልቤርቶ ወንድም ጋር ወኅኒ ቤት እየሄደ ይጠይቀው ነበር። እስረኛው «ውጡና ስለ እኛ ሰልፍ አድርጉ» ቢላቸው ግን ኤርኔስቶ ባዶ እጁን ወጥቶ ለመደብደብ እንደማይፈልግ በግልጽ ነገረው። እንግዲህ ያ ልጅ ወዳጁንና ባለ ውለታውን በእስር ቤት እምቢ አለ ማለት ነው። ወዳጅነታቸው ግን አልተቋረጠም። ይህን ልብ በሉልኝ።

በ1951 መጨረሻ ሁለቱ በአልቤርቶ ዶቅዶቄ አህጉሩን ለማየት ተነሡ። ዶቅዶቄዋ በ1939 የተሠራች ኖርተን 500 ነበረች፤ ስሟንም «ኃያሏ» ብለዋታል። ኃያልነቷ ግን በስሟ ብቻ ቀረ፤ በየጠጠሩ ትጥላቸዋለች፣ በሽቦ ይጠግኗታል፣ እንደገና ትሰበራለች። በመጨረሻም ቺሌ ውስጥ ላትነሣ ወደቀች። (እኔ በበኩሌ ከባለ ውለታዎቹ ዝርዝር ውስጥ የዶቅዶቄዋን መሰበር እጨምራለሁ። በሞተር የሚጓዝ ሰው ሌላውን አቧራ አልብሶት ያልፋል፤ ሞተሩ የተሰበረበት ሰው ግን በጭነት መኪና ላይ ከድኃው ጋር ጎን ለጎን መቀመጥ ግድ ይሆንበታል።)

ከዚያ በኋላ ሊማ፣ የፔሩ ዋና ከተማ፣ ደረሱ። በዚያ ዶክተር ሁጎ ፔሼ የሚባሉ የሥጋ ደዌ ሐኪም ነበሩ፤ ኮሙኒስትም ነበሩ። በተራራማው አንዳዋይላስ አካባቢ ሌሎች ሐኪሞች የሚሸሿቸውን ሕሙማን ሲያክሙ የኖሩ ሰው ናቸው። ሁለቱን አቧራ የለበሱ መንገደኞች በሥጋ ደዌ ሆስፒታል ማደሪያ ሰጧቸው፤ ከገበታቸው አበሏቸው፤ ከልብሳቸውም አካፈሏቸው። በስንብቱ ጊዜ ዶክተሩ ስለ ጻፉት መጽሐፍ አስተያየታቸውን ጠየቁ። ግራናዶ አመሰገነ። ኤርኔስቶ ዝም አለ። ዶክተሩ ደግመው ቢጠይቁት፣ መጽሐፉ ደካማ እንደሆነና የእሳቸውን ያህል ሰው እንዲህ ያለ መጽሐፍ መጻፉን ለማመን እንደሚቸግረው ተናገረ። ታሪኩን ያስተላለፈልን ግራናዶ ራሱ ነው። ከቤቱ ከወጡ በኋላ፣ ያን ሁሉ ያደረጉላቸውን ሰው እንዲህ በማለቱ ጓደኛውን እንደ ወቀሰው ይናገራል። ወቀሳው በአማርኛ ቢሆን ኖሮ ወጪቷ ሳትጠቀስ አትቀርም ነበር።

ከሁለቱ ውለታ የመለሰው የትኛው ነው? ለግራናዶ አዝንለታለሁ። ይሉኝታው እንደ እኛ ነው፤ የሽማግሌ ፊት እንዳይጠቁር የተናገረው ምስጋና ክፋት የለበትም። ዳሩ ግን ዶክተር ፔሼ ምስጋናውን ምን አደረጉበት? ምንም። ነቀፋውን ግን፣ እንደ ተረኩልን ከሆነ፣ አንገታቸውን ደፍተው ተቀበሉት። ለእንግዳ ልብስና ምግብ መስጠት ብዙ ሰው የሚችለው ነገር ነው። እያበሉት ያለው የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ «ሥራህ ደካማ ነው» ሲል ሳይቆጡ መስማት ግን ከልብሱም ከምግቡም የበለጠ ስጦታ ይመስለኛል። ልጁ በዚያ ገበታ ላይ እንደ ተመጽዋች አልታየም፤ እንደ ሰው ተቆጠረ።

ከዓመታት በኋላ፣ በኩባ አብዮቱ ድል ካደረገ ወዲህ፣ ጉቬራ ስለ ሽምቅ ውጊያ ከጻፈው መጽሐፍ አንዱን ቅጂ ለዶክተር ፔሼ ላከ። በገጹ ላይ በእጁ ጽፎ፣ ምናልባት ሳያውቁት፣ ስለ ሕይወትና ስለ ኅብረተሰብ ያለውን አመለካከት እንደ ለወጡት አስታወቃቸው። ከአሥር ዓመት በፊት መጽሐፋቸውን የነቀፈው ያው ሰው ነው። እኔ ይህን ሳነብ የገባኝ፣ ያ ምስጋና ክብደት ያገኘው ከዚያ ነቀፋ የተነሣ መሆኑ ነው። ሁሉን የሚያመሰግን አፍ «አንተ ለወጥኸኝ» ቢል ማን ያምነዋል? በኮሌጅም ያየነው ይኸው ነው፤ ለማስተማር ልምምድ ስንወጣ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው «ግሩም ነው» እያሉ የሚፈርሙልንን ዛሬ አንድም ሰው አያነሣቸውም።

እዚህ ላይ የሰዋስው አስተማሪነቴ ተነሣብኝና፣ አንባቢ ይታገሠኝ። አባቶቻችን ሲያመሰግኑ «እግዜር ይስጥልኝ» ይላሉ። በቃሉ መጨረሻ ላይ ያለችውን «ልኝ» ተመልከቷት። እኔ ልከፍለው አልችልምና ስለ እኔ ሆኖ እግዜር ይክፈለው ማለት ነው። ዕዳው ከተቀባዩ ትከሻ ይወርዳል፤ ሰጪው የሚጠብቀው ከሌላ ዘንድ ነው። ይህን ቋንቋ የሠሩ ሰዎች የተሰጠው ሰው የሰጪው ሎሌ እንዳይሆን ያሰቡ ይመስላል። ሎሌነቱን ያመጣነው እኛ ነን፣ «ያን ቀን ባላበላህ ኖሮ» እየተባባልን።

አንድ ከባድ ተቃውሞ አለ፤ ልሸሸው አልፈልግም። ሰውን የቀረጸ ሰው የምስጋናው ባለቤት ከሆነ፣ የጥፋቱስ? ያ ተማሪ በ1959 በሃቫናው የላ ካባኛ ምሽግ አዛዥ ሆኖ፣ በዚያ ሰዎች ተፈርዶባቸው ተረሽነዋል። በ1965 ከእኛ ብዙም ሳይርቅ፣ በታንጋኒካ ሐይቅ ማዶ፣ በኮንጎ ሊዋጋ መጥቶ ሳይሳካለት ተመለሰ። በ1967 በቦሊቪያ ተይዞ ተገደለ። ዶክተር ፔሼ ከሁለት ዓመት በኋላ አረፉ። ግራናዶ በኩባ እስከ 2011 ኖረ። ሐኪሙ ያስተማሩት ሕሙማንን ያለ መጸየፍ መንካትን ነው፤ ከዚያ ንክኪ እስከ ተኩሱ ያለውን መንገድ ማን ጠረገው? ልጁ ራሱ ጠረገው እላለሁ። ዓይን የሚገልጥ ሰው፣ የተገለጠው ዓይን ወዴት እንዲሄድ ሊያዝ አይችልም። ይሁን እንጂ መምህር ነኝና፣ ይህን ስፈርድ ለሙያዬ እንዳላደላ እሠጋለሁ። ያስተማርናቸው ልጆች በየትኛው ጎራ እንደ ቆሙ ወሬ ሲመጣ ሌሊት የማይተኛ መምህር በዚህ ካምፕ ውስጥ እኔ ብቻ እንዳልሆንሁ አውቃለሁ። የምስጋናውን ግማሽ ተቀብሎ የቀረውን «የእሱ ነው» ማለት ቀላል አይደለም።

ከሊማ በኋላ በአማዞን ወንዝ ዳር ሳን ፓብሎ የተባለ የሥጋ ደዌ ሕሙማን መንደር ገቡ። በዚያ ያለ ጓንት እየጨበጡ፣ ኳስ አብረው እየተጫወቱ ሰነበቱ። ሲሄዱም ጉዟቸውን የሚቀጥሉበት ከግንድ የታሠረ ታንኳ በመንደሩ ተሠራላቸው። ስለዚህ ብዙ ተጽፏልና አልደግመውም።

ከሁሉ ይልቅ የማስታውሰው ከዚያ በፊት የሆነውን ነው። በመጋቢት ወር 1952፣ ዶቅዶቄዋ ከቀረች በኋላ፣ በቺሌ በረሃ ወደ ቹኪካማታ የመዳብ ማዕድን ሲሄዱ አንድ ሠራተኛ ከሚስቱ ጋር አገኙ። ሰውዬው ኮሙኒስት በመሆኑ ታስሮ ወጥቷል፤ ሥራ የሚሰጠውም አጥቷል። የሚለብሱት አልነበራቸውም። ሁለቱ ወጣቶች ዳቦና አይብ አካፈሏቸው፤ ከነበሯቸው ሁለት ብርድ ልብሶችም አንዱን ሰጥተው በቀረው አንድ ለሁለት ተጠቅልለው አደሩ። ኤርኔስቶ በሕይወቱ ከበረዱት ሌሊቶች አንዱ እንደ ነበረ ጽፏል፤ ለእሱ እንግዳ ከነበሩት ከእነዚያ ሰዎች ጋር በወንድማማችነት የቀረበውም በዚያው ሌሊት እንደሆነ። ብርድ ልብስ የሰጠው እሱ፣ ባለ ዕዳ ሆኖ የቀረውም እሱ ነው። እዚህ ብርድ ልብስ ከሚያድሉን መካከል በአንዱ ከእኛ ጋር ያደረ ስንት አለ?

ስማቸውን በማስታወሻው አላሰፈረም። በማግሥቱ ባልና ሚስቱ በተራራው ወዳለው የድኝ ማዕድን አቀኑ፤ ሁለቱ ወጣቶችም ወደ ቹኪካማታ።